ቱንቢው የታለ?

አባባ ይህችን ጥያቄ የጠየቁኝ አንድ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሳሎን ውስጥ ካለው ፍሊፐር ከሚባል የመጫወቻ ማሽን አጠገብ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸውን የማሽኑ ጎን ላይ አሳርፈዋል። አልተቆጡም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ጠየቁኝ፣ በቃ።

«ልጆቹ ሲያለቅሱ ጊዜ ፈታሁት» አልኳቸው።

ይሄ መልስ እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚያች ማታ ሦስት ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገሩ የማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እኔ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ሱቄ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ስታቢላይዘር ስጠግን ኖሬያለሁ። ማሽን ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አባቴን ለሃያ አምስት ዓመት በስህተት ሳነባቸው እንደኖርኩ ነው ያወቅኩት።

ከቦሎኛ እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ

ታላቅ ወንድሜ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሠራው አንድ ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ አርጅቶ ቤቱን ሲዘጋ «ከዚህ ዕቃ የምትፈልገውን ውሰድ» አለው። ወንድሜ የቡና ማሽኑን ትቶ ጥግ ላይ የቆመውን ፍሊፐር መረጠ። ምክንያቱን ስጠይቀው «አገር ሲናፍቀኝ እሱ ጋ ነበር የምቆመው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ፍሊፐር የጣሊያኖች አጠራር ነው። እንግሊዝኛው ፒንቦል ነው። ላላየው ሰው፣ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ፣ በመስታወት የተሸፈነ ረጅም ሳጥን ነው። ውስጡ የብረት ኳስ ይሮጣል። ከታች በኩል ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። በጎንና ጎን ያሉትን ቁልፎች ስትጫን ክንፎቹ ይመታሉ። ሥራህ ኳሷ በክንፎቹ መካከል ሾልካ እንዳትወርድ መከላከል ነው። የሰፈራችን ልጆች ገና ባዩት ዕለት «የመብራት ጆተኒ» የሚል ስም አወጡለት።

ወንድሜ ጠቅልሎ ሲመለስ ማሽኑ ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር መጣ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተቀበልነው። ከዚያ በአይሱዙ የሐረጎን ዳገት ይዘን ወጣን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ነው፣ ጠመዝማዛው ደግሞ ማለቂያ የለውም። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ወንድሜ ወደ ኋላ እየዞረ ገመዱን ያያል። ቤታችን ጦሳ ግርጌ ነው፤ መኪና በር ድረስ አይገባም። ማሽኑ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስድስት ጎረምሶች ደረጃውን በትከሻቸው አወጡት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ለስድስቱም እንጀራ ሳታቀርብ አትሸኛቸውም ነበር። እኛም እንደ እሷ አደረግን።

አባባ ከበረንዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቁማር ነው?»

«ጨዋታ ነው አባባ።»

«ከረምቡላም ጨዋታ ነው ይሉኝ ነበር።»

ሲሮጡ የታጠቁት

ያን ማታ ሳይመሽብን እናየው ብለን በችኮላ ገጣጠምነው። አራቱን እግሮች በብሎን አሰርን። ቁጥር የሚታይበትን ራሱን ወደ ላይ አንስተን ቆለፍን። ሶኬት ሰካን። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። በነጋታው ሁሉንም ፈትቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ትንሽ ልበል። እንዲህ ያለ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ማሽን እጃችሁ ቢገባ ሶኬት ለመሰካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ለስንት ቮልት እንደተገናኘ እዩ። የእኛው ከጣሊያን ስለመጣ 220 ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣ ቢሆን ግን 110 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በቴስተር ለኩ። ከዚያ ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ያለውን ባትሪ ፈልጉ። ማሽኑ ከፍተኛ ነጥብ የሚያስታውሰው በዚያ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ይፈስና መዳቡን ይበላዋል። የእኛው ዙሪያውን አረንጓዴ አድርጎት ነበር። አወጣሁት፤ በኮምጣጤ አጠብኩ፤ በአልኮል አደረቅኩ። በመንገድ ብዛት የላሉትን የሽቦ መሰኪያዎች ሁሉ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ስታቢላይዘርም አስገባሁለት። የደሴን መብራት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

በሁለተኛው ቀን ማታ በራ። ኳሷን ለቀቅናት። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ግራም ክብደት ያላት ትንሽ ብረት ናት። ሳሎኑ በአንዴ በድምፅ ተሞላ። ወንድሜ አላስቻለውም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጄ ደግሞ ከወንበር ላይ ሆና ትዘላለች።

ደስታው ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር የቆየው። ከዚያ ሁላችንም አንድ ነገር አስተዋልን። ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሄዳለች።

ውሃ ልክ

ሦስት ቀን ሙሉ የግራውን ክንፍ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ሞላውን ቀየርኩ። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰውን ኮይል ለካሁ፤ ደህና ነው። የመገናኛ ነጥቦቹን አጸዳሁ። ያረጁትን ላስቲኮች ወንድሜ ባመጣው አዲስ ተካሁ። ሰሌዳውን በሰም ወለወልኩት። ኳሷ ፈጠነች እንጂ ወደ ግራ መሄዷን አልተወችም። እንዲያውም ለግራው ጉድጓድ አፈጠንኳት።

በአራተኛው ቀን አባባ ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አባቴ ግንበኛ ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አይሠሩም። ደሴ ውስጥ እሳቸው ያቆሙትን ግንብ ሳላይ ግን መቶ ሜትር መሄድ አልችልም። ጨርቁን ፈቱት። አሮጌው የእንጨት ውሃ ልካቸው ነው።

«ወለሉን ለክተሃል?»

አልለካሁም። ለሦስት ቀን ማሽኑን ስበረብር የቆመበትን አላየሁም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ሲባል የሰማሁት እኮ ከእሳቸው ነው።

ጎንበስ ብለው ውሃ ልኩን ሊሾው ላይ አስቀመጡት። አረፋዋ ከመሃል ሸሸች። ገርሟቸው መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልገረማቸውም።

«ይሄ ወለል ወደ በር ያዘነብላል» አሉ። «ያዘነበልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እናትህ ወለል በውሃ ነበር የምታጥበው። ወገቧን ያማታል። ውሃው ራሱ ወጥቶ እንዲሄድላት ብዬ በሜትር አንድ ሳንቲ ሰጠሁት።»

በዚያ ወለል ላይ ድሄያለሁ። የመጀመሪያ እርምጃዬን የሄድኩት እዚያ ነው። እናቴ ባልዲ ደፍታ ውሃው እየተንፏለለ በበሩ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ውሃ እንደዚያ የሚያደርገው በራሱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው አስቦበት እንዳደረገው አልገባኝም። እናቴ ታውቅ ነበር? አባባን ልጠይቃቸው ፈለግኩ። ግን ዓይናቸው አረፋዋ ላይ ነበር፤ ተውኩት።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከእያንዳንዱ እግር ሥር በብሎን የሚወጣና የሚወርድ ጫማ አለ። መስታወቱን አነሳን። ውሃ ልኩን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ጣልን፤ አንዴ ከክንፎቹ አጠገብ፣ አንዴ ከላይ በኩል። መስታወቱ ላይ መለካት ያሳስታል፤ መስታወቱና ሰሌዳው ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። እኔ ዳዶውን አዞራለሁ፤ አባባ «ጨምር»፣ «በቃ»፣ «ትንሽ መልስ» ይላሉ። በግራና በቀኝ እግር መካከል የነበረው ልዩነት ግማሽ ሳንቲ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ያለፋኝ ይኸው ግማሽ ሳንቲ ነበር።

ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ያለው ተዳፋት መጣ። ለእንዲህ ዓይነት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው 6.5 ዲግሪ ነው። አባባ በዲግሪ አያስቡም። «በሜትር ስንት ይመጣል?» አሉኝ። በስልኬ አሰላሁት፤ 11.4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

«ለፍሳሽ ሁለት ሳንቲ ነው የምንሰጠው። ይሄማ ወደ ጣሪያ ተጠጋ» አሉ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። ቀጥ ያለ የአንድ ሜትር ጣውላ አመጡ። አንዱን ጫፍ ሰሌዳው ላይ አሳርፈው ጣውላውን በውሃ ልክ አስተካከሉ። በታችኛው ጫፍ ያለውን ክፍተት በሜትር ለኩ። ዘጠኝ ነበር። የኋላ እግሮቹን ጫማ አስረዘምን። አሥር። አሥር ተኩል። አሥራ አንድ ከምናምን ላይ «አቁም» አሉ።

ኳሷን ስንለቃት ሌላ ኳስ ሆነች። በመሃል ወረደች። ስትመታ ወዳየሁበት ሄደች። ተዳፋቱ ሲያንስ ኳሷ የሰነፈች ትመስላለች፤ ሲበዛ ደግሞ ፋታ አትሰጥም። አሁን ልክ ሆነች።

«ይሄ እኮ ቱንቢ ነው»

መስታወቱን ከመመለሳችን በፊት አባባ ባትሪ አብርተው የሳጥኑን ሆድ ማየት ጀመሩ። በግራ በኩል፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ዓይናቸው ቆመ። ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ ወደ ታች የሾለ ትንሽ ብረት አለ። ብረቱን ሳይነካው የከበበው ቀለበት አለ።

«አንተ! ይሄ እኮ ቱንቢ ነው!»

እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የድሮ ጓደኛውን ባዕድ አገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። እውነታቸውን ነው። ቱንቢ ነው። የግንበኛ ቱንቢ ግድግዳው መጉበጡን ያሳያል። ይሄኛው ተጫዋቹ ማሽኑን ከልክ በላይ መግፋቱን ያሳያል። ማሽኑ ሲነቀነቅ ብረቱ ይወዛወዛል። ቀለበቱን ከነካ መስመር ይዘጋል። ያኔ ክንፎቹ ይሞታሉ፤ ያቺ ኳስ ተቃጠለች ማለት ነው። ፈረንጆቹ ቲልት ይሉታል።

ወንድሜ ቡና እየጠጣን ታሪኩን ነገራቸው። ጨዋታው በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ክንፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። ክንፍ የመጣው በ1947 ነው፤ የቺካጎው ጎትሊብ ኩባንያ ነው ያመጣው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሷን ከለቀቃት በኋላ ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑን መግፋት። ሰዎች ግን አበዙት። ማንሳትና መደብደብ ጀመሩ። ሃሪ ዊሊያምስ የተባለ ሠሪ በመጀመሪያ ከሳጥኑ ሥር ምስማር መትቶ ነበር ይባላል፤ ከታች የሚመታው ሰው እጁን እንዲያመው። ሳይስማማው ቀረና ሳጥኑ ከልክ በላይ ሲገፋ የሚያውቅ መሣሪያ ሠራ። ኋላ ላይ ተንጠልጣዩ መጣ።

አባባ ምስማሩ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስማር የሰነፍ ሥራ ነው» አሉ።

የቁማሩንም ነገር ወንድሜ አልዘለለውም። ኒው ዮርክ ከተማ ጨዋታውን ቁማር ነው ብላ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከልክላው ነበር። ከንቲባው ላጋርዲያ በመዶሻ ሲሰባብረው ፎቶ ተነስቷል። ክልከላው የተነሳው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ቆመ። ኳሷን ከመልቀቁ በፊት በየትኛው መግቢያ እንደምትገባ በጣቱ አሳየ። ለቀቃት። በዚያው ገባች። አባባ ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ።

«መሰከረችለት ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁማር የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ አልተነሳም። መጫወት ግን አልጀመሩም። ቆመው ያያሉ።

የፈታሁት ቀን

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳሎናችን የሰፈር ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ። ችግሩ ቱንቢው በጣም ቁጡ ነበር። ልጆቹ ሲደሰቱ ሳጥኑን ይደገፉታል። በተደገፉት ቁጥር ክንፎቹ ይሞታሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄ አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ኳስ በተከታታይ ተቃጠለባትና አለቀሰች። ሌሎቹም ኩርፊያ ጀመሩ። ሱቅ ደክሞኝ ነበር የመጣሁት። ካቻቢቴ አነሳሁ። ቱንቢውን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ልጆቹ ፈነደቁ። እኔም ጥሩ አባት የሆንኩ መሰለኝ።

እስኪመሽ ድረስ ማሽኑን ገፉት። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በዳሌ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሆነው። ኳሷ ልትወርድ ስትል ሳጥኑን ያነሱታል። ማንም ክንፎቹን አያስታውስም። ልጄ እንኳ ትንሽ ቆይታ ትታው ወጣች። «ለምን ተውሽው?» ስላት «አያስጠላም?» አለችኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ማታ ላይ ማሽኑ ከቦታው ወደ አንድ ጋት ሄዷል። የአባባን ሊሾ የእግሩ ጫማ ጭሮታል። ኳሷ እንደገና ወደ ግራ ትሄዳለች።

አባባ ያኔ ነው የመጡት። ጭረቱን አላነሱትም። እጃቸውን ከማሽኑ ጎን አሳርፈው ገፋ አደረጉት። ጠበቁ። ምንም አልሆነም።

«ቱንቢው የታለ?»

መልሴን ከላይ ጽፌዋለሁ። ያበሳጨኝ ነገር፣ ለሃያ ዓመት ሱቄ ውስጥ ቆሜ ሰው ስመክር የኖርኩት ስለዚሁ ነው። «ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለባችሁ ለምን እንደሆነ ፈልጉ፤ በሽቦ አትተኩት» እላለሁ። በሽቦ ተክተው ያቃጠሉትን ቴሌቪዥን ታቅፈው ሲመጡ አዝንላቸዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ያደረግኩት ግን ያንኑ ነው። ቱንቢው ከተቆጣ ማስተካከል ይቻላል። ብረቱ ዘንጉ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ ወፍራሙ ወገቡ ቀለበቱ መሃል ይገባና ክፍተቱ ይጠባል። ከፍ ሲል የሾለው ጫፉ ይገባና ክፍተቱ ይሰፋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ይህን ማድረግ እችል ነበር። ማውጣቱ ቀለለኝ።

አባባ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ።

«ልጆች ላይ ጥብቅ መሆን አልፈልግም» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ቀጠልኩና «እንደ ከረምቡላው ቀን» አልኩ።

የከረምቡላውን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባባ ከረምቡላ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ጆሮዬን ይዘው፣ ሰው ሁሉ እያየን በፒያሳ መሃል ወደ ቤት ወሰዱኝ። ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ፣ ለሚስቴ፣ ለወንድሜ ስንት ጊዜ እንደተረክሁት አላውቅም። አባቴ ጨዋታ የሚባል ነገር የማይወዱ ብርቱ ሰው እንደነበሩ የማስረዳው በዚህ ታሪክ ነው።

አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ነበር» አሉ።

ዝም አልኩ።

«ዓመቱን ሙሉ። የካቲት ላይ አንዱን ትልቅ ሰው አሸንፈህ ወሬው እኔ የምሠራበት ድረስ መጥቷል። አውቅ ነበር። እናትህም ታውቅ ነበር። ያን ቀን ግን ማክሰኞ ነው። ፈተና ነበረብህ።»

ማክሰኞ። በእኔ ትረካ ውስጥ ቀን አልነበረውም። ፈተናም አልነበረበትም። ጆሮዬና የፒያሳ ሰው ብቻ ናቸው የነበሩበት። አሁን ሳስበው ፈተናው ትዝ ይለኛል። ሒሳብ ነበር።

«ቅዳሜውን እንደሚያውቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ማክሰኞም ትሄድ ነበር።»

ይህን ብለው ተነሱና ሊተኙ ገቡ።

እኔ ሳሎን ቀረሁ። መሳቢያውን ከፍቼ ቱንቢውን አወጣሁት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤው ብዙ ቆየሁ። እስከዚያ ማታ ድረስ ቱንቢው ክልከላ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አትንካ፣ አትግፋ የሚል። ግን በብረቱና በቀለበቱ መካከል ክፍተት አለ። ያ ክፍተት የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ክልከላ ቢሆን ኖሮ ክፍተት ለምን ያስፈልጋል? ጎበዝ ተጫዋች የሚጫወተው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ኳሷን በክንፍ ብቻ ማትረፍ በማይችልበት ሰዓት ሳጥኑን በመዳፉ ትንሽ ይገፋል። ይፈቀድለታል። እኔ ያን ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍተቱ ውስጥ ስጫወት ነበር። ቀለበቱን የነካሁት አንድ ቀን ነው። የማስታውሰው ግን እሷን አንድ ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጆሮዬ ይዘው በከተማው መሃል መውሰዳቸው ልክ ነበር አልልም። አሁንም አይመስለኝም። ያ የዊሊያምስ ምስማር ነበር። በር ላይ ጠርተውኝ ማክሰኞ መሆኑን ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር። ግን አንዱን ምስማር ሃምሳ ቅዳሜ እንዲሸፍንብኝ ማድረጌም የእኔ ጥፋት ነው። ይህን ለሳቸው ገና አልነገርኳቸውም። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ወንድሜ ያነብላቸው ይሆናል።

እሑድ ጠዋት

እሑድ ጠዋት ልጄን ቀሰቀስኳት። ማሽኑን ወደ ቦታው መለስነው። ውሃ ልኩን እሷ ያዘች። አረፋዋ መሃል ስትገባ «ቆመች!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቱንቢውን ሰጠኋትና ዘንጉ ላይ አስገባችው። ብሎኑን ለማጥበቅ ጣቷ አልቻለም፤ አብረን አጠበቅነው።

አባባ ቡናቸውን ይዘው መጥተው ከኋላችን ቆሙ።

«ግፊው» አልኳት። በሁለት እጇ ገፋችው። ክንፎቹ ሞቱ። ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ሊሞላ ነው።

«ትንሽ ከፍ አድርጊው» አሉ አባባ።

ብሎኑን አላላን። ብረቱን የእህል ፍሬ ያህል ከፍ አደረገችው። ገፋችው፤ ብረቱ ተወዛወዘ፤ ቀለበቱን ሳይነካ ተመለሰ። ጠንከር አድርጋ ገፋችው፤ ነካ። እንደገና ቀስ ብላ፣ እንደገና ጠንከር አድርጋ። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረገች። ከዚያ ራሷ «እስከዚህ ነው» አለች።

መስታወቱን መለስኩ። ልጄ ወንበሯን ልታመጣ ስትሄድ አባባ ስኒውን ለእኔ አቀበሉኝ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣሉት። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከማሽኑ ጎንና ጎን አስቀመጡ።

«የቱ ነው የሚለቃት?»

አሳየኋቸው። ኳሷ ወጣች። ላይ ዞራ በመሃል መውረድ ጀመረች። አባባ ክንፎቹን አልነኩም። በቀኝ መዳፋቸው ሳጥኑን አንዴ ገፋ አደረጉት፤ ጡብ መስመር ውስጥ እንደሚያስገቡት። ኳሷ መንገዷን ቀይራ የግራው ክንፍ ላይ አረፈች።

«አሁን ይምቷት አባባ!» አለች ልጄ ወንበሯን እየጎተተች።